ፉኮ ከበረሃ አባቶች ዘንድ ምን ፈልጎ ሄደ?

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ወሲብ ክርክር ሲነሳ ሁለት ጎራ አይጠፋም። አንደኛው «ሰውን ከገዛ ገላው ጋር ያጣላው ክርስትና ነው» ይላል። ግሪኩም ሮማዊውም ደስ እንዳለው ይኖር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መጣችና በሩን ጠረቀመችው። ሌላው ወገን ደግሞ «እንኳንም ጠረቀመችው! ያ ልቅነት ነው ዛሬ ተመልሶ የመጣብን» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ ይሰዳደባሉ እንጂ ታሪኩ ላይ አንድ ናቸው። ለሁለቱም ክርስትና ማለት ክልከላ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት የፈጀው ይህን ስምምነት ሲያፈርስ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጥብቅና የመቆም ሐሳብ አልነበረውም። ሃይማኖተኛም አልነበረም። እሱ ራሱ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የነበረው ሰው ስለሆነ ከሰባኪዎቹ ጋር የሚያሰልፈው ነገር ብዙም የለም። ግን ታሪኩን ሲመረምር ሁለቱም ወገን ከሚያወራው የተለየ ነገር አገኘ።

ነገሩ የተጀመረው በ1976 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፉኮ «የወሲብ ታሪክ» ያለውን ሥራ የመጀመሪያ ቅጽ ያን ዓመት አሳተመ። በዚያ ቅጽ የጠየቀው ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። ወሲብ ታፍኖ ከኖረ፣ አውሮፓውያን ባለፉት 300 ዓመታት ስለ እሱ ይህን ያህል ለምን አወሩ? ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ዳኛው ይጠይቃል፤ የአእምሮ ሐኪሙ ይጠይቃል። ከሁሉም በፊት ቄሱ ጠይቋል። ፉኮ የዚህን ሁሉ ጠያቂ ዘር ማንዘር ሲቆጥር ወደ ኑዛዜ ደረሰ። መጀመሪያ መካከለኛው ዘመን ላይ የሚበቃው መስሎት ነበር። አልበቃውም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል ከ2ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የቤተ ክርስቲያን አበው ደጃፍ ላይ ቆመ።

ስለ አበው የጻፈውን በ1982 ለአሳታሚው አስረከበ። ከዚያ ግን «መጀመሪያ የግሪኩና የሮማው መቅደም አለበት» ብሎ ወደ ጎን አደረገው። ሁለቱ የግሪክና የሮማ ቅጾች በ1984 ወጡ። የአበውን ቅጽ ማረም እንደጀመረ ጁን 25 ቀን 1984 በኤድስ ሳቢያ በ57 ዓመቱ ሞተ። ከሞቱ በኋላ ምንም እንዳይታተምለት ፈልጎ ስለነበር የእጅ ጽሑፉ 34 ዓመት ተቀመጠ። በ2018 ጋሊማር የተባለው የፓሪስ አሳታሚ «የሥጋ ኑዛዜዎች» በሚል ርእስ አወጣው። ክርክሩም እንደገና ተቀሰቀሰ።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ነው። ቀሌምንጦስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስክንድርያ ውስጥ ያስተምር ነበር። ለከተማ ክርስቲያን የጻፈው መምሪያ የማይገባበት ጉዳይ የለም፤ አበላሉ፣ አጠጣጡ፣ አሳሳቁ፣ ጫማው ሳይቀር። ባልና ሚስት መቼና ለምን እንደሚገናኙም ይነግራል። ሩካቤ ለልጅ ነው ይላል። ለማስረዳትም ጥንቸልንና ጅብን ሳይቀር ምሳሌ አድርጎ ይጠራል።

ፉኮ እዚህ ላይ እጁን አንስቶ «ቆይ!» ይላል። ይህ ሁሉ ከወንጌል የተገኘ ነው? አይደለም። ሙሶንዮስ ሩፎስ የሚባል የስቶይክ (ስሜትን በአእምሮ መግዛት ይገባል የሚሉ የግሪክና የሮማ ፈላስፎች ወገን) ፈላስፋ ከቀሌምንጦስ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይህንኑ አስተምሯል። ወሲብ በትዳር ውስጥ ብቻ፣ እሱም ለልጅ ብቻ። ባል ከገረዱ ጋር መተኛቱንም አውግዟል። ሙሶንዮስ ክርስቲያን አልነበረም። ቀሌምንጦስ እንግዲህ የተማሩ አረማውያንን ሥነ ምግባር፣ የሐኪሞቻቸውን ምክር ጨምሮ፣ ወስዶ የእግዚአብሔርን ቃል መምህሩ አደረገበት እንጂ ከባዶ አልጀመረም። ያ «ደስ እንዳለው የሚኖር» አረማዊ፣ ቢያንስ በፈላስፎቹ ሰፈር፣ የለም።

ሕጉ ካልተለወጠ ታዲያ ምን ተለወጠ? የፉኮ መልስ ሰው ራሱን የሚመረምርበት መንገድ ተለወጠ የሚል ነው። ይህን ለማየት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

የመጀመሪያው የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ነው። ማታ መብራቱ ሲነሳና ፀባዩን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ስትል ውሎውን ይመረምራል። ዛሬ እገሌን ከሚገባው በላይ ተናገርኩት፤ ከመሃይም ጋር መከራከር አልነበረብኝም። ራሱን ይታዘባል፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ይላል፣ ይተኛል። የሚመረምረው ሥራውን ነው። አንድ የመንግሥት ሹም የቀኑን መዝገብ እንደሚዘጋ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዮሐንስ ካሲያን ነው። ካሲያን በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ በረሃ ገብቶ ከአባቶች እግር ሥር የተማረ፣ ኋላም ማርሴ ሄዶ የሰማውን ለምዕራባውያን መነኮሳት የጻፈ ሰው ነው። በእሱ ዘንድ የሚመረመረው ሐሳብ ነው። ያውም ገና ከመምጣቱ። አባ ሙሴ ከተባሉት አባት የሰማውን አንድ ምሳሌ ያመጣል። ገንዘብ ለዋጭ ሳንቲም ሲቀርብለት ወርቁ ንጹሕ ነው ወይ፣ የተቀረጸበት የማን መልክ ነው፣ ክብደቱስ ልክ ነው ወይ ብሎ ያያል። መነኩሴም ሐሳብ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ያድርግ። ጾም ልጨምር የሚል ሐሳብ ሳይቀር ላዩ ወርቅ ሆኖ ውስጡ የሰይጣን ሊሆን ይችላል።

ችግሩ መነኩሴው ለራሱ ሐሳብ ጥሩ ዳኛ አለመሆኑ ነው። ሰይጣን ልቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ ሐሳቡን ሁሉ ለአንድ አባት አውጥቶ መናገር አለበት። የሠራውን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ያሰበውን። ፉኮ በጣም የተጨነቀበት ቦታ ይህ ነው።

ለዚህ የሚጠቅሰው ታሪክ ስለ ወሲብ አይደለም፤ ስለ ዳቦ ነው። ሰራፕዮን ገና ልጅ ሳለ አባ ቴዎናስ ዘንድ ያድግ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረው ከበሉ በኋላ አንድ ደረቅ ዳቦ በየቀኑ ጉያው ውስጥ ይሸሽጋል። ማታ ተደብቆ ይበላዋል። ስትበላ ትጣፍጠዋለች፤ በልቶ ሲጨርስ ደግሞ ጸጸቱ ከረሃቡ ይብሳል። መተው ግን አቃተው። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ሽማግሌው ስለ ሆዳምነትና ስለተሸሸገ ሐሳብ ሲያስተምሩ ልጁ መያዣ አጣ። ሳግ ተናነቀው። ዳቦዋን ከጉያው አወጣ፣ መሬት ላይ ጣላት፣ ተደፍቶ ተናገረ። ሽማግሌው ግን አልቆጡትም፤ ቀኖናም አልሰጡትም። አይዞህ ልጄ፣ እኔ ምንም ሳልል ኑዛዜህ ፈታህ አሉት። ቃላቸውን ሳይጨርሱ ከልጁ ደረት እሳት የያዘ ፋና የመሰለ ነገር ወጥቶ ክፍሉን በድኝ ሽታ ሞላው። መቀመጥ እስኪያቅታቸው ድረስ።

ልብ በሉ፤ ነፃ ያወጣው ንግግሩ ራሱ ነው። ሐሳብ ከሰይጣን ለመሆኑ ዋናው ምልክት ደግሞ ለመናገር ማሳፈሩ ነው። የምታፍርበት ከሆነ ተናገረው። ፉኮ ከዚህ የወሰደው ነገር ግልጽ ነው። ሰው ስለ ራሱ ውስጥ እውነቱን ያለማቋረጥ ለሌላ ሰው መናገር አለበት የሚለው ግዴታ፣ ሮማ ውስጥ በዚህ መልክ ያልነበረ፣ እዚህ ገዳም ውስጥ ተወለደ።

ከዳቦ ወደ ዝሙት እንምጣ። ካሲያን የንጽሕናን መንገድ ስድስት ደረጃ ያወጣለታል። አንደኛው፦ ነቅቶ ሳለ በሥጋ ፈተና አለመውደቅ። ሁለተኛው፦ ሐሳቡ ሲመጣ አብሮት አለመቆየት። ሦስተኛው፦ ሴት አይቶ አለመታወክ። አራተኛው፦ ነቅቶ ሳለ ገላው እንኳን እንዳይንቀሳቀስ። አምስተኛው ለየት ያለ ነው። በንባብ መካከል ስለ ሰው መፀነስ ቢነሳ፣ ስለ ጡብ ሥራ የሚወራ ያህል ልብ ሳይናወጥ መስማት። ስድስተኛው፦ በእንቅልፍም በሴት ምስል አለመታለል።

ፉኮ ይህን ዝርዝር ደጋግሞ አነበበና አንድ ነገር ታዘበ። እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሴቲቱ ምስል ናት። የተፈጸመ ሩካቤ አልተጠቀሰም። ማን ከማን ጋር ተኛ የሚለው የድሮ ጥያቄ ጠፍቷል። የቀረው ሰውዬው ከራሱ ሐሳብ፣ ከራሱ ገላና ከራሱ ሕልም ጋር የያዘው ውጊያ ነው። ሕልመ ሌሊት (በእንቅልፍ ዘር መፍሰስ) የካሲያን ትልቅ ጉዳይ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ፈቃዱ አይሠራም። ፈቃድ በሌለበት ገላ ምን ያደርጋል? የመነኩሴው ልብ በእርግጥ ጠርቶ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። እንደ እኔ፣ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እነዚህ ናቸው።

አውግስጢኖስ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ከገዳም ወጥቶ የሁሉም ሰው ይሆናል። አውግስጢኖስ (354–430) ገዳም ያደገ ሰው አይደለም። ለዓመታት ከአንዲት ሴት ጋር ኖሮ ልጅ ወልዷል። «ንጽሕናን ስጠኝ፤ አሁን ግን አይሁን» ብሎ መጸለዩን በራሱ ብዕር ጽፏል። ስለ ፍትወት ሲያወራ የሚያውቀውን ነው የሚያወራው።

እንደ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ያሉት አባቶች አዳምና ሔዋን በገነት ሳሉ ሩካቤ አልነበረም ይሉ ነበር። ከውድቀት በኋላ፣ ከሞት ጋር የመጣ ነው። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 14ኛ ክፍል ይህን ገለበጠው። በገነትም ቢኖሩ ሩካቤ ይኖር ነበር፣ ልጅም ይወለድ ነበር አለ። ልዩነቱ ገላ ለፈቃድ መታዘዙ ነው። ገበሬ እጁን ዘርግቶ ዘር እንደሚዘራ፣ ያኛውም አካል እንዲሁ ይታዘዝ ነበር። ይቻላል ወይ ለሚል ተጠራጣሪ ማስረጃ ያቀርባል። ጆሯቸውን እንዳሻቸው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አሉ ይላል። ከኋላቸው እንዳሻቸው ዜማ የመሰለ ድምፅ የሚያወጡም አሉ፤ ያውም ሳይሸት። ይህን የጻፈው ጳጳስ ነው፣ በጣም ቁም ነገር ባለው መጽሐፍ ውስጥ።

ከቀልዱ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ከባድ ነው። ሰው ለፈጣሪው አልታዘዝም ሲል፣ የገዛ ገላው ለእሱ አልታዘዝም አለ። ሳይፈልግ ይነሳል። ሲፈልግ ደግሞ እምቢ ይላል። አውግስጢኖስ ሁለቱንም ጠቅሷል። እፍረቱም ከዚህ የመጣ ነው፤ ሰው ራሱን መግዛት አለመቻሉ ገላው ላይ ይታያልና። እንግዲህ ፍትወት ከውጭ የሚመጣ ጠላት መሆኑ ቀርቶ በሰው ፈቃድ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ሆነ። የኤክላኑም ጳጳስ ዩልያኖስ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። ፍትወት ተፈጥሮ ነው፣ ክፋቱ ከልክ ሲያልፍ ነው ብሎ ለዓመታት ሞገተው። በምዕራብ ያሸነፈው አውግስጢኖስ ነው።

ፉኮ መጽሐፉን እዚህ ያቆማል፤ ምክንያት አለው። ፍትወት በራሱ በተጠመቀ ሰው ላይ አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ፈቃዱን ሲሰጠው ነው የሚለው የአውግስጢኖስ ሐሳብ ሁለት ነገር አጋጠመ። በአንድ በኩል የማይነቀል ፍላጎት ያለው ሰው አለ። በሌላ በኩል «እሺ» ወይም «እምቢ» በማለቱ የሚጠየቅ ሰው አለ። አንድ ሰው ናቸው። ፉኮ እንደሚያየው ዘመናዊው ሰው «የእኔ እውነተኛ ፍላጎት ምንድነው? ማንነቴንስ ምን ይነግረኛል?» ብሎ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የዚህ ሰው ወራሽ ነው። ራሱን ከሃይማኖት ነፃ የወጣ የሚመስለው ሰው ሳይቀር።

ይህ ትረካ ይማርካል። እኔንም ማርኮኛል። ሁለት ሦስት ቦታ ግን ያነክሳል።

አንደኛ፣ «ሕጉ አልተለወጠም» የሚለው። አሜሪካዊው የታሪክ ሰው ካይል ሃርፐር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ እዚህ ላይ በኃይል ገፍቷል። በሮማ ዓለም የወሲብ ሥርዓት የቆመው በባርያዎችና በሴተኛ አዳሪዎች ገላ ላይ ነው። ጨዋው ወንድ የሰው ሚስት ወይም የጨዋ ቤተሰብ ልጅ እስካልነካ ድረስ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ሙሶንዮስ ገረድህን አትንካ ሲል ለጥቂት ባለጠጋ ደቀ መዛሙርት፣ ራስን ስለመግዛት፣ የሰጠው ምክር ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን አደባባይ ቆሞ፣ ለሕዝቡ ሁሉ፣ ሕጉ ቢፈቅድልህም ከገረድህ ወይም ከአመንዝራይቱ የሄድክ አንተ ባል ዘማዊ ነህ አለ። ሕጉ ራሱም ተከተለ። በ428 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ሴት ልጁን ወይም ባርያውን ለዝሙት ያስገደደ አባትና ጌታ ሥልጣኑን እንዲያጣ፣ ሴቶቹም ወደ ጳጳስ አቤት እንዲሉ ደነገገ። ለዚያች ባርያ ይህ ስለ ራስ ምርመራ የሚደረግ የፍልስፍና ወግ አይደለም። ፉኮ አፈወርቅን በሰፊው ያነበበው ለትዳር ትምህርቱ ነው። ባርያዋ ግን ከገጹ ጥግ ቀርታለች።

ሁለተኛ፣ ሴቶች። ፉኮ ስለ ደናግል ብዙ ይጽፋል፤ የሚናገሩት ግን ስለ እነሱ የጻፉት ወንዶች ናቸው። ከበረሃ እናቶች አንዷ እማሆይ ሣራ ግን ነበሩ። 13 ዓመት በዝሙት መንፈስ ተፈትነው፣ ፈተናው እንዲነሳላቸው አንድም ቀን አልጸለዩም ይባልላቸዋል። «አምላኬ ኃይል ስጠኝ» ብቻ ነበር የሚሉት። ይህ ከካሲያን የሐሳብ ምርመራ በጣም የራቀ ነው። ማንም ምንም ሲመረምር አይታይም።

የታሪክ ሊቁ ፒተር ብራውን ደግሞ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ በር ከፍቷል። በሮማ ግዛት ሞት ይፈጥን ስለነበር የሕዝቡ ቁጥር እንዳይቀንስ ብቻ አንዲት ሴት በአማካይ አምስት ልጅ መውለድ ነበረባት። በዚያ ዓለም «አላገባም» ያለች የ14 ዓመት ልጅ ከከተማው፣ ከአባቷና ከሞት ጋር ነው የተጣላችው። ድንግልና አመፅ ነበር። ፉኮ ውስጥ ይህን የጎዳና ጫጫታ አትሰሙም።

ሦስተኛው ወደ እኛ ያመጣናል። የፉኮ መንገድ ከግብፅ ይነሳና በካሲያን በኩል ወደ ማርሴ ይሻገራል። ከዚያ አውግስጢኖስ፤ ከዚያ በ1215 ማንኛውም ካቶሊክ በዓመት አንዴ ለቄሱ እንዲናዘዝ ያዘዘው የላተራን ጉባኤ፤ ከዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኑዛዜ ሳጥን። ከዚያው በረሃ ወደ ደቡብ የወረደው መንገድ ግን አውግስጢኖስ ቤት አልገባም። አውግስጢኖስ በምዕራብ ያለውን ቦታ በግእዙ ትምህርት ውስጥ አያገኝም። እኛ ዘንድ ነፍስ አባት ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። ቤት ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ልጆቹን በስም ያውቃል፣ ሲሞቱም ይፈታል። ኑዛዜ ሰምቶ የሚሰጠው ቀኖና ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት ነው። በምእመኑ ዘንድ ክብደቱ ያለው፣ እኔ እንደማየው፣ በተሠራው ኃጢአትና በካሳው ላይ ነው እንጂ የሐሳብን ምንጭ በመፈልፈል ላይ አይደለም። «ምዕራባዊው ሰው» የሚለውን የፉኮን ድምዳሜ እንዳለ አንስቶ አዲስ አበባ ላይ መለጠፍ የማይሠራው ለዚህ ነው። አንዳንድ የእኛ ጸሐፊዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ያስተዛዝባል።

ስለ በረሃው ካነሳን አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። የገንዘብ ለዋጩን ምሳሌ የሰጡትን፣ የሰራፕዮንን ታሪክም የተረኩትን አባ ሙሴን አንዳንድ ሊቃውንት እኛ ሰኔ 24 የምናስባቸው ሙሴ ጸሊም ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ይጠራጠራሉ። ሙሴ ጸሊምን የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሏቸዋል። በዚያው በካሲያን መጽሐፍ፣ በዚያው በአባ ሙሴ አፍ፣ ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ ሌላ ታሪክ አለ። አንድ ወጣት መነኩሴ የዝሙት ሐሳቡን ለአንድ ሽማግሌ ቢናገር፣ ሽማግሌው ሰድቦ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ፈተናው ወደ ሽማግሌው ይዞራል። አባ አጵሎስ የተባለ ሌላ አባት ከሽማግሌው በዓት ውጭ የሚያየው ጋኔን የእሳት ፍላጻ ይወረውራል። የጋኔኑ መልክ የምን ነበር ቢባል፣ «አስቀያሚ ኢትዮጵያዊ»። በእንጦንስ ገድልም የዝሙት መንፈስ ጥቁር ልጅ ሆኖ ይመጣል። የበረሃው ሥነ ጽሑፍ ፍትወትን ሲስል የእኛን ቆዳ ቀለም ተጠቅሟል። ፍትወት በሌላ ሰው ገላ ላይ እንዴት እንደሚሳል የፉኮ ጥያቄ አልነበረም። የእኛ ሊሆን ይገባል።

ጽሑፉም ሩቅ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መጻሕፍት ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰው በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ከነአንድምታቸው ይተረጎማሉ። ፊልክስዩስ ደግሞ የግብፅ አባቶችን ታሪክ እየጠቀሰ ወንድሞች ሲጠይቁ፣ ሽማግሌው ሲመልስ የሚሄድ መጽሐፍ ነው። ሐሳብን ስለመግለጥ ምን ይላል? ለማን ይገለጥ ይላል? የአንድምታው መምህራንስ ሕልመ ሌሊትን እንዴት ፈቱት? ፉኮን በእኛ ሜዳ መፈተን የሚፈልግ ተማሪ ፈረንሳይኛውን ከማጥናቱ በፊት ከዚህ ቢጀምር ያዋጣዋል።